ሳይሰብሩ መመርመር፤ ለካፋ ዞን ኢንዱስትሪና መሠረተ ልማት ደህንነት

በገበያ ቀን እንስራ ወይም ጀበና ለመግዛት የወጣች እመቤት ዕቃውን ከፍ አድርጋ በጣቷ ታንኳኳዋለች። ድምፁ ጥርት ብሎ ከጮኸ ገንዘቧን ትከፍላለች። ደንዘዝ ያለ ድምፅ ከሰማች ግን ዓይን ያላየው ስንጥቅ እንዳለበት ተረድታ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ሸክላውን ሳትሰብር የውስጡን ጤንነት የምታውቅበት ይህ ዘዴ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው።

ዛሬ ኢንዱስትሪዎች የእንፋሎት ጋኖችን፣ የድልድይ ብረቶችን፣ የባቡር ሐዲዶችንና የአውሮፕላን አካላትን የሚመረምሩበት የአልትራሶኒክ ፍተሻም በመሠረቱ ከዚሁ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ ድምፁ የሰው ጆሮ ሊሰማው የማይችል መሆኑና መልሱን የሚያደምጠው ጣትና ጆሮ ሳይሆን መሣሪያ መሆኑ ነው። ዕቃው ሳይቆረጥና ሳይበሳ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከሥራ ሳይነቀል፣ በውስጡ የተደበቀው ስንጥቅ፣ ባዶ ቦታ ወይም በዝገት የሳሳ ግድግዳ ይታወቃል።

ጉዳዩ በተለይ ለካፋ ዞንና ለቦንጋ ከተማ ወቅታዊ የሚሆንበት በቂ ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ይህን ተከትሎ የሚሠሩ ሕንጻዎች፣ መንገዶችና ድልድዮች እንዲሁም የሚተከሉ ማሽኖች ገና አዲስ ናቸው። አዲስነታቸው ደግሞ ትኩረት ካልተሰጠው በኋላ በገንዘብ የማይመለስ አጋጣሚን ይዟል።

በዝናባማ ምድር ላይ የቆመ ብረት

የካፋ ዞን በደኑና በቡናው ይታወቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የተመዘገበው የካፋ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ ከ760 ሺህ ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ይህን ደን ያቆየው ረዘም ላለው የዓመቱ ክፍል የሚዘንበው ዝናብ ነው። ይሁን እንጂ ለቡናና ለሻይ ቅጠል በረከት የሆነው እርጥበት ለብረት ጠላት ነው። ውኃና አየር በተገናኙበት ሁሉ ዝገት ሥራውን ይቀጥላል፤ ቀለም ከላዩ ቢቀባም ከሥሩ ሊሳሳ ይችላል።

በዞኑና በዙሪያው ያለው የኢንዱስትሪ እንቅስቃሴ ደግሞ በአንድ ዘርፍ የተወሰነ አይደለም። ከቦንጋ ብዙም በማይርቀው ውሽውሽ በኢትዮ አግሪ ሴፍት ሥር የሚተዳደር የሻይ ልማት ይገኛል። በደቡቡ ቆላማ ክፍል የኦሞ ኩራዝ የስኳር ልማት ሲነደፍ የደቡብ ኦሞን፣ የያኔውን ቤንች ማጂንና የካፋን ዞኖች መሬት ያካተተ ነበር። በአጎራባቹ የኮንታና የዳውሮ አካባቢም በኦሞ ወንዝ ላይ የኮይሻ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ግንባታ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው ዋና መንገድም የጎጀብን ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ ነው ወደ ዞኑ የሚገባው።

እነዚህ ሁሉ በባህሪያቸው የተለያዩ ቢሆኑም አንድ የጋራ ጥያቄ ያነሳሉ። ከውጭ ሲታይ ደህና የሚመስለው ብረት ወይም ኮንክሪት ውስጡስ እንዴት ነው?

የማይሰማው ድምፅ እንዴት ይናገራል

የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ መስማት ይችላል። ከዚያ በላይ ያለው አልትራሶኒክ ይባላል። ለብረት ፍተሻ በአብዛኛው የሚያገለግለው በሰከንድ ከ2 እስከ 5 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገበው ነው። ይህን ሞገድ የሚያመነጨው እንደ ትልቅ ጠመኔ በእጅ የሚያዝ መፈተሻ ሲሆን፣ በውስጡ ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚርገበገብ፣ ሲርገበገብም ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ቁስ አለው። የዚህን ቁስ ባህሪ ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክና ፒየር ኩሪ ያወቁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 ነበር። ሩሲያዊው ሰርጌ ሶኮሎቭ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሞገዱን ለብረት ምርመራ ማዋል እንደሚቻል ያመለከተ ሲሆን፣ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ፍሎይድ ፋየርስቶን ደግሞ የገደል ማሚቶን መርህ የተከተለውን መሣሪያ በ1942 የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል።

ፈታሹ በብረቱ ላይ ጄል ወይም ዘይት ይቀባል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በመፈተሻውና በብረቱ መካከል ቀጭን አየር እንኳ ከቀረ ሞገዱ ሳይገባ ይመለሳል። በሆስፒታል ነፍሰ ጡር እናት ስትመረመር ሆዷ ላይ ጄል የሚቀባውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ ብረቱ የገባው ሞገድ የኋለኛውን ገጽ መትቶ ይመለሳል። በመካከሉ ስንጥቅ ካለ ግን ከፊሉ ከዚያው ተመልሶ ቀድሞ ይደርሳል። ቀድሞ የደረሰው ማሚቶ የጉዳቱን ጥልቀት ይናገራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ድምፅ በአረብ ብረት ውስጥ በሰከንድ 5 ሺህ 920 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ የሰከንድ 4 ሚሊዮንኛ ያህል ይወስድበታል። ግድግዳው በዝገት ተበልቶ 9 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን ጊዜው ወደ 3 ሚሊዮንኛ ይወርዳል። መሣሪያው ይህን ልዩነት ለክቶ ውፍረቱን በቁጥር ያሳያል። የሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት ለተመልካች ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ግፊት በሚሸከም ክብ ጋን ላይ ግድግዳው በሩብ ሲሳሳ የቀረው ብረት የሚሸከመው ጫና በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል።

ለኮንክሪት የሚያገለግለው ዘዴ በመጠኑ ይለያል። ጠጠሩ አጫጭር ሞገዶችን ስለሚበትን በሰከንድ 54 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ዝቅ ያለ ሞገድ ይመረጣል። አንዱ መፈተሻ በምሰሶው በአንድ ወገን፣ ሌላው በተቃራኒው ይደረጋል። 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ምሰሶ ሞገዱ በሰከንድ 75 ሚሊዮንኛ ካለፈው ፍጥነቱ በሰከንድ 4 ሺህ ሜትር ነው፤ ይህም በጥሩ ደረጃ ይመደባል። 100 ሚሊዮንኛ ከወሰደበት ፍጥነቱ ወደ 3 ሺህ ሜትር ወርዷልና በውስጡ ክፍተት፣ ስንጥቅ ወይም በደንብ ያልተጠቀጠቀ ስፍራ መኖሩ ሊያጠራጥር ይገባል።

ከፋብሪካው ጋን እስከ ወንዙ ድልድይ

የስኳር ፋብሪካ ለዘዴው አስፈላጊነት ዋነኛ አብነት ነው። አገዳው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ገለባ በቦይለር እየነደደ ከፍተኛ ግፊት ያለው እንፋሎት ያመነጫል፤ እንፋሎቱም ተርባይን አዙሮ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በቦይለሩ ውስጥ ያሉት ቱቦዎች በአንድ ወገን እሳትና አመድ፣ በሌላው ወገን ውኃ ይበላቸዋል። አገዳውን የሚጨምቁት ከባድ ሲሊንደሮች ዘንግም በየዙሩ እየተጎነበሰ ስለሚቃና ከጊዜ በኋላ በድካም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ዘንጉ ከሲሊንደሩ ጋር በሚገናኝበት፣ ለዓይን በተሸፈነ ስፍራ ነው። ከዘንጉ ጫፍ የሚላክ የአልትራሶኒክ ሞገድ ግን ማሽኑ ሳይፈታ እዚያ ድረስ ገብቶ ሊመለስ ይችላል። የፍተሻው ጊዜም የታወቀ ነው፤ በዝናብ ወቅት ፋብሪካው ለጥገና ሲቆም።

የሻይ ቅጠል ማምረትም ያለ ሙቀት የሚታሰብ አይደለም። ቅጠሉ ከጠወለገ፣ ከተቆረጠና ቀለሙን ከለወጠ በኋላ በሞቀ አየር ይደርቃል። ሙቀቱ የሚገኝበት ምድጃ፣ የአየር ማሞቂያ ወይም ቦይለር በየጊዜው ውፍረቱ ሊለካ ይገባል። የግፊት ጋን በሚጠቀሙ ሌሎች አነስተኛ ድርጅቶች፣ በሆስፒታል የሕክምና መሣሪያዎች በእንፋሎት በሚቀቀሉባቸው ክፍሎችና በነዳጅ ማጠራቀሚያዎችም ጉዳዩ ያው ነው።

በኃይል ማመንጫ ግድቦች ውኃውን ወደ ተርባይን የሚያወርዱት ግዙፍ የብረት ቱቦዎች በብየዳ የተያያዙ ናቸው። በብየዳ ውስጥ በደንብ ያልቀለጠ ጎን ወይም የቀረ ቆሻሻ ከውጭ አይታይም። እንዲህ ያለው ጉዳት ብዙ ጊዜ ዘንበል ብሎ ስለሚገኝ ሞገዱ በቀጥታ ሳይሆን በ45፣ በ60 ወይም በ70 ዲግሪ ተዘንብሎ ይላካል። የራጅ ፍተሻም ተመሳሳይ አገልግሎት ሊሰጥ ቢችልም የጨረር ምንጭ ፈቃድ፣ ጥበቃና ሠራተኞችን ከአካባቢው ማራቅን ይጠይቃል። የአልትራሶኒክ መሣሪያ ግን አንድ ሰው በትከሻው አንጠልጥሎ ሊሄድበት የሚችል፣ ከአንድ ወገን ብቻ የሚሠራና ጨረር የሌለው ነው። መንገዳቸው ለከባድ ተሽከርካሪ አስቸጋሪ ለሆኑ የዞኑ ወረዳዎች ይህ ትልቅ ጠቀሜታ ነው።

ከዓለም የተገኘ ትምህርት

የፍተሻ ሕጎች በአብዛኛው የተጻፉት ከአደጋ በኋላ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመጋቢት 1905 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ብሮክተን ከተማ በሚገኝ የጫማ ፋብሪካ የእንፋሎት ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞቱ። ግዛቲቱ የቦይለር ሕግ ለማውጣት ጊዜ አልወሰደባትም። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበትን የቦይለር ደንብ ለማዘጋጀት ተነሳሳ።

በታኅሣሥ 1967 ደግሞ በኦሃዮ ወንዝ ላይ የተሠራው ሲልቨር ብሪጅ የተባለ ድልድይ በሥራ መውጫ ሰዓት ፈርሶ 46 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ምክንያቱ በአንድ የብረት ማያያዣ ላይ የነበረ ጥልቀቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስንጥቅ ነበር። መገጣጠሚያው ሳይፈታ ስንጥቁን ማየት በዚያን ጊዜ አይቻልም ነበር። አደጋው ድልድዮች በመላ አገሪቱ በየጊዜው የሚመረመሩበት ሥርዓት እንዲዘረጋ አድርጓል።

ሦስተኛው ትምህርት ከሁሉም የመረረ ነው። በጥቅምት 2000 በእንግሊዝ ሃትፊልድ አጠገብ አንድ ሐዲድ በባቡር ሥር ተሰባብሮ አራት ሰዎች ሞተዋል፤ ከ70 በላይ የሚሆኑም ተጎድተዋል። በሐዲዱ ላይ የነበሩት ስንጥቆች ከአደጋው በፊት የታወቁ ነበሩ። ተለዋጩ ሐዲድም ተገዝቶ ከመስመሩ ጎን ተቀምጦ ነበር። መሣሪያ አልጎደለም፤ እውቀትም አልጎደለም። የጎደለው የታወቀውን ጉዳት በጊዜው ወደ እርምጃ የሚቀይር ኃላፊነት ነበር።

ስለሆነም ፍተሻ ከመሣሪያ ግዢ ጋር ብቻ ተያይዞ ሊታይ አይገባውም። የሃትፊልድ አደጋ እንደሚያሳየው የምርመራ ወረቀት በመሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ካልተመረመረ ብረት የተሻለ ደህንነት አይሰጥም።

የባለሙያው ዓይንና እጅ

የአልትራሶኒክ መሣሪያ እንደ ሚዛን አንድ ቁጥር ሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም። ፈታሹ በእያንዳንዱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውፍረቱ በትክክል በታወቀ መለኪያ ብረት ላይ መሣሪያውን ማስተካከል አለበት። ቦይለሩ ሳይቀዘቅዝ የተለካ እንደሆነ ድምፅ በጋለ ብረት ውስጥ ስለሚዘገይ ግድግዳው ከእውነተኛው ወፍሮ ይነበባል። ወፍራም ቀለምም እንዲሁ ያሳስታል። ሁለቱም ስህተቶች የሚያዘነብሉት ወደ አደገኛው ወገን፣ ማለትም የሳሳውን ደህና ወደማለት ነው።

በካፋ የአየር ንብረት ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ነጥብም አለ። ውኃ የጠገበ ኮንክሪት ሞገድን ከደረቀው እስከ 5 በመቶ በሚደርስ ልዩነት ፈጥኖ ያሳልፋል። በክረምት የተለካ የድልድይ ምሰሶ ካለፈው የበጋ ልኬት ጋር ሲነጻጸር እየደከመ ሳለ የጠነከረ ሊመስል ይችላል። በምሰሶው ውስጥ ያለው ፌሮም ድምፅን ከኮንክሪቱ ይልቅ አፍጥኖ ስለሚወስድ ፈታሹ ፌሮው የት እንዳለ ማወቅ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ለቆላና ለደረቅ አካባቢ የተዘጋጀ አሠራር እንዳለ ተገልብጦ ለቦንጋ ሊያገለግል አይችልም።

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለእነዚህ ባለሙያዎች ብቃት አይሶ 9712 የተባለውን ደረጃ አውጥቷል። በደረጃው መሠረት ፈታሾች በሦስት እርከን ይመደባሉ። የመጀመሪያው እርከን ባለሙያ በተሰጠው መመሪያ ይለካል፤ ሁለተኛው ውጤቱን ይተረጉማል፤ ሦስተኛው ደግሞ አሠራሩን ይነድፋል፤ ሌሎችንም ይቆጣጠራል። የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለአምስት ዓመት ሲሆን፣ የባለሙያው የቅርብ እይታ በየዓመቱ ይመረመራል።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከባዶ አትነሳም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ማዕከል ያለማፍረስ ፍተሻን የዕለት ሥራው አድርጎ ዘልቋል። በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ተከፍሎ የደረጃ፣ የተስማሚነት ምዘና፣ የሥነ ልክና የአክሪዲቴሽን ተቋማት ራሳቸውን ችለው ተቋቁመዋል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም በአፍሪካ አገሮች የትብብር ስምምነት አማካይነት የአልትራሶኒክ ፍተሻን ጨምሮ በዘርፉ ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪዎች የሠራተኞቻቸውን ደህንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል።

ክፍተቱ ያለው ርቀት ላይ ነው። ባለሙያው ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚመጣ ከሆነ ፍተሻው የሚታዘዘው ጉዳት ሲጠረጠር ብቻ ይሆናል። የዘዴው ትልቁ ጥቅም ግን ጉዳት ሳይጠረጠር በየጊዜው መለካት ነው።

አዲስ እያለ መለካት

አንድ ልኬት የሚናገረው ስለ ዛሬ ብቻ ነው። በዚያው ነጥብ ላይ የተደገመ ልኬት ግን ስለ ነገም ይናገራል። ለአብነት ያህል አንድ ጋን ሲተከል ግድግዳው 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተመዝግቦ ከአራት ዓመት በኋላ 11.2 ሚሊ ሜትር ቢገኝ፣ በየዓመቱ 0.2 ሚሊ ሜትር እየተበላ ነው ማለት ነው። የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት 9 ሚሊ ሜትር ቢሆን ብረቱ የቀረው ዕድሜ 11 ዓመት ያህል መሆኑ ይታወቃል። ባለንብረቱ ለመተኪያው ገንዘብ ለማዘጋጀት በቂ ጊዜ ያገኛል። የመጀመሪያው ልኬት ባይኖር ግን 11.2 የሚለው ቁጥር ብቻውን አይተረጎምም። በአንድ ዓመት ይሁን በ20 ዓመት የሳሳ፣ የሚያውቀው አይኖርም።

የክልሉ አዳዲስ ግንባታዎች ያመጡት አጋጣሚም ይኸው ነው። ድልድዩ ሲመረቅ፣ ቦይለሩ ሲተከል፣ ሕንጻው ሲረከብ የመጀመሪያውን ልኬት መውሰድ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከ10 ዓመት በኋላ ግን ያ ልኬት በምንም ዋጋ ሊገዛ አይችልም። በርክክብ ሰነድ ውስጥ የልኬት ነጥቦችን የሚያሳይ ሥዕል፣ የተገኘው ቁጥር፣ የተለካበት ወቅትና የፈታሹ የብቃት ደረጃ እንዲካተት ማድረግ አዲስ ሕግ የግድ አይጠይቅም፤ በውል ውስጥ አንድ አንቀጽ ማስገባት ይበቃል።

በሰው ኃይል ረገድ የቦንጋ ዩኒቨርሲቲና በዞኑ የሚገኙ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሊጫወቱት የሚችሉት ሚና የጎላ ነው። ብየዳ የሚማር ወጣት የራሱን ብየዳ ውስጥ በአልትራሶኒክ እንዲያይ ቢደረግ ሁለት ሙያ በአንድ ጊዜ ይቀስማል። ከቦንጋ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘውና በቁሳቁስ ሳይንስ ምህንድስና የሚያስተምረው የጅማ ዩኒቨርሲቲም የቅርብ አጋር ሊሆን ይችላል። ፋብሪካዎች፣ የመንገድና የግንባታ መሥሪያ ቤቶች በየራሳቸው መሣሪያ ከመግዛት ይልቅ በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ የፍተሻ ማዕከል ቢኖራቸው ወጪው ይቀልላል፤ ባለሙያውም ዓመቱን ሙሉ ሥራ ስለማያጣ ልምዱ ይዳብራል።

ከዚህ ጎን ለጎን ውጤቱን ተቀብሎ የሚወስን አካል በግልጽ ሊታወቅ ይገባል። ውፍረቱ ከሚፈቀደው በታች የሆነ ጋን እሳቱ እንዲጠፋ የሚያዝ፣ ምሰሶው ያጠራጠረ ድልድይ የጭነት ገደብ እንዲጣልበት የሚወስን ኃላፊ አስቀድሞ ካልተሰየመ የሃትፊልድ ታሪክ በሌላ ስፍራ የማይደገምበት ምክንያት የለም።

እንስራዋን በጣቷ ያንኳኳችው እመቤት የምርመራን ሥርዓት በሙሉ ታሟላለች። ትመረምራለች፤ የሰማችውን ትተረጉማለች፤ ከዚያም ሳትዘገይ ትወስናለች። በጎጀብ ድልድይ የሚያልፈው መንገደኛና በእንፋሎት ጋን አጠገብ የሚውለው ሠራተኛም ብረቱና ኮንክሪቱ በዚሁ ሥርዓት ተመርምሮ እንደሆነ ሊያምኑ የሚገባቸው ሕይወታቸውን አደራ የሰጡት ለእርሱ ስለሆነ ነው።